ራዲያተሩን ራስህ ቀይረው፤ ለምርመራው ግን ክፈል

«ጋሼ፣ ሰላም ለእርስዎ ይሁን። የምኖረው ኮምቦልቻ፣ የማስተምረው ደሴ ነው። ሳምንቱን ሙሉ በኮሮላዬ የሐረጎን ዳገት እወጣለሁ፣ እወርዳለሁ። መኪናዋ የ1998 ሞዴል ናት፤ ካምቢዮዋ ማኑዋል ነው፤ የገዛኋት በዕቁብ ገንዘብ ነው። ካለፈው ወር ወዲህ ዳገቱ አጋማሽ ላይ የሙቀት መለኪያው ቀስት ከመሃል ከፍ ማለት ጀመረ። ባለፈው ማክሰኞ ከአንድ ከባድ መኪና ኋላ ሆኜ ስወጣ ቀስቱ ቀዩን ነካ፤ ከኮፋኖው ሥር እንፋሎት ወጣ። ደንግጬ አቆምኩና በጀሪካን የያዝኩትን ውሃ ሞተሩ ላይ አፈሰስኩበት፤ ሲበርድ የቀረውን ጨምሬ ቀስ እያልኩ ደሴ ደረስኩ። በኋላ ሳየው የራዲያተሩ የላይኛው ፕላስቲክ፣ የውሃ ቱቦው ጎማ ከሚገባበት አጠገብ ተሰንጥቋል። የሰፈራችን መካኒክ ‹አዲስ ራዲያተር አምጣ፤ ለእጄ 3,500 ብር ትከፍላለህ› አለኝ። አዲስ አበባ ያለው የባለቤቴ ወንድም ‹አራት ብሎንና ሁለት ጎማ ነው፤ ራስህ ቀይረው› ይለኛል። አጎቴ ደግሞ እንቁላል ብትጨምርበት ይደፍነዋል ብሎኛል። መካኒኩ ጎረቤቴ ነው፤ በአንድ ዕድር ነን። ራሴ ብሠራው የሚከፋው ይመስለኛል። ምን ይመክሩኛል?»

አስተማሪው፣ ከኮምቦልቻ

ወንድሜ፣ ጋሼ ብለህ ጽፈህልኛልና አንተ እያልኩ ልመልስልህ። ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በመጀመሪያው ንባብ የ3,500 ብሩን ነገር ያዝኩ። በሁለተኛው ዓይኔ አንዲት ቃል ላይ ቆመ፤ «አፈሰስኩበት» የምትለዋ ላይ። ስለ ራዲያተሩ ከማውራቴ በፊት ከእሷ መጀመር አለብኝ።

የኮሮላህ ቴስታታ፣ ማለትም የሞተሩ የላይኛው ክፍል፣ አሉሚኒየም ነው። በጋለበት ሰዓት ቀዝቃዛ ውሃ ሲደፋበት አንዱ ጎኑ ቀድሞ ይበርዳል፣ ሌላው ይዘገያል። ያኔ ይጣመማል፤ ሲብስም ይሰነጠቃል። የሸክላ ምጣድ እሳት ላይ እንዳለ ውሃ ቢደፋበት ምን እንደሚሆን እናትህ ቤት ሳታይ አልቀረህም። ቴስታታው የፀጉር ያህል ከተጣመመ ከሥሩ ያለው ጓርኒሲዮን፣ ማለትም በቴስታታውና በሞተሩ አካል መካከል ያለው ስስ ማሸጊያ፣ መያዝ ያቅተዋል፤ የሚቃጠለው ጋዝ ወደ ውሃው መንገድ ይገባል፤ ውሃውን እየገፋ ያስወጣዋል፤ ሞተሩም እንደገና ይፈላል። እስቲ አስበው። አዲስ ራዲያተር ገዝተህ፣ ቅዳሜህን ሠውተህ፣ ደክመህ ካሰርከው በኋላ ሰኞ ጠዋት ሐረጎ ላይ መኪናዋ ያንኑ ብታደርግህ! የተሰነጠቀው ፕላስቲክ በዓይን ይታያል። የቴስታታው ነገር ግን በዓይን አይታይም፤ ዋጋውም ከራዲያተሩ ጋር አይወዳደርም።

ስለዚህ ምክሬ እንዲህ ነው። ራዲያተሩን ራስህ ቀይረው። ከዚያ በፊት ግን ወደ ጎረቤትህ ሄደህ የሞተሩን ጤና እንዲመረምርልህ አድርግ፤ ለምርመራውም ገንዘብ ክፈለው።

እኛ አገር ለመኪና ምርመራ መክፈል አልለመድንም። ሐኪም ቤት ስንሄድ ካርድ እናወጣለን፣ ለላቦራቶሪ እንከፍላለን፣ «ምንም የለብህም» ተብለን ስንወጣም ደስ ብሎን ነው የምንመለሰው። ጋራዥ ስንገባ መካኒኩ ኮፋኖውን ከፍቶ፣ ጆሮውን ጥሎ፣ ግማሽ ሰዓት ጎንበስ ቀና ብሎ «ችግሩ ይህ ነው» ሲለን «እግዜር ይስጥልኝ» ብለን መሄድ እንፈልጋለን። ኪሳችንን የምንዳብሰው ብሎን ሲፈታ ካየን ብቻ ነው። ሰውየው የሚበላው ዕቃ ሲቀየር ብቻ ከሆነ፣ መቀየር የሌለበት ዕቃ ቢቀየር ምን ይገርማል? ይህን የምለው መካኒኮችን ለመውቀስ አይደለም፤ ልማዱን ያመጣነው እኛ ባለ መኪናዎቹ ነን። ብሎን መፍታት አንተም ትችላለህ። በብዙ መቶ ሞተር ላይ የሠለጠነ ጆሮና ዓይን ግን የለህም፤ እኔም የለኝም። ገንዘብ መከፈል ያለበት ለዚያ ነው።

እንዲመረምርልህ የምትጠይቀው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው በራዲያተሩ አፍ ላይ በሚገጠም የእጅ ፓምፕ ግፊት ሰጥቶ ውሃው ከተሰነጠቀው ቦታ ሌላ የት የት እንደሚያንጠባጥብ ማየት ነው፤ የውሃ ፖምፓው፣ ጎማዎቹ፣ የማሞቂያው ቱቦ ሁሉ ይታያሉ። ሁለተኛው የጓርኒሲዮኑ ምርመራ ነው። በራዲያተሩ አፍ ላይ የሚቀመጥ ሰማያዊ ፈሳሽ ያለበት መሞከሪያ አለ፤ ከውሃው የሚወጣው አየር የተቃጠለ ጋዝ ካለበት ፈሳሹ ወደ ቢጫ ይለወጣል። ይህ መሣሪያ ጎረቤትህ ዘንድ ከሌለ ደሴም ኮምቦልቻም ያሉትን ትልልቅ ጋራዦች ጠይቅ።

ወደ እሱ ከመሄድህ በፊት በራስህ የምታያቸው ምልክቶችም አሉ። ጠዋት፣ ሞተሩ ሌሊቱን ሙሉ አድሮ ከበረደ በኋላ የራዲያተሩን ክዳን ክፈት፤ ውሃውን እስከ አፉ ሙላና አስነሳው። መጀመሪያ ላይ ጥቂት አረፋ ቢወጣ አትደንግጥ፤ ውስጥ የቀረ አየር ነው። ሳያቋርጥ እንደ ድስት እየተንተከተከ የሚቀጥል ከሆነ ግን ነገሩ ከባድ ነው። ከማስነሳትህ በፊት ግን የዘይት መለኪያውንም ብረት መዝዘህ እየው። ዘይቱ ወተት የተቀላቀለበት ቡና መስሎ ከታየህ ሞተሩን አታስነሳው። እዚህ ላይ የደጋ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሳሳትበትን ነገር ልንገርህ። በደሴ ብርድ አጭር አጭር ጉዞ የምትሄድ መኪና የዘይት መሙያዋ ክዳን ሥር ነጣ ያለ ቅባት መሰል አረፋ ትይዛለች። ይህ በብርድ የተጠራቀመ እርጥበት ሊሆን ይችላል፤ በእሱ ብቻ ጓርኒሲዮን ተቃጠለ ብሎ መደምደም ስህተት ነው። እውነቱን የሚናገረው መለኪያው ብረት ላይ ያለው ዘይት ነው።

አሁን ደግሞ ለምን ሐረጎ ላይ እንደምትፈላ እንይ፤ ይህን ካወቅህ ምን መግዛት እንዳለብህም ታውቃለህ። ከኮምቦልቻ ደሴ መንገዱ ከ25 ኪሎ ሜትር አይበልጥም፤ በዚህች አጭር መንገድ ግን መኪናህ ከ600 ሜትር በላይ ሽቅብ ትወጣለች። ከጭነት መኪና ኋላ በሁለተኛ ማርሽ ስትንፏቀቅ ሞተሩ ባለ በሌለ ኃይሉ ይሠራል፤ በራዲያተሩ ውስጥ የሚያልፈው ነፋስ ግን እምብዛም ነው። አየሩም ከፍ ባልክ ቁጥር እየሳሳ ይሄዳል፤ ደሴ ላይ ከባሕር ዳርቻው ሲነጻጸር ሩብ ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ይቀንሳል። የሳሳ አየር ደግሞ ሙቀት ተሸክሞ የመሄድ አቅሙ ያንሳል።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ነገር ግን የውሃው መፍያ ነው። በባሕር ጠለል ላይ 100 ዲግሪ የሚፈላው ውሃ፣ 2,500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ባለችው ደሴ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። ደሴ ላይ ሽምብራ ለመብሰል የሚያስቸግረው ለዚህ ነው። የሞተርህ ውሃ ደግሞ በጤናው ቀን 90 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚውለው። በሁለቱ መካከል ምን ያህል ክፍተት እንዳለ ተመልከት! ሞተሩን ከመፍላት የሚያድነው የራዲያተሩ ክዳን ነው። ክዳኑ ግፊቱን አምቆ ሲይዝ ደሴም ላይ ቢሆን የመፍያው ሙቀት ከ110 ዲግሪ በላይ ይሄዳል። የክዳኑ ጎማ ከደረቀ፣ ወይም እንደ አንተ ፕላስቲኩ ተሰንጥቆ ግፊቱ ካመለጠ፣ ምንም ሌላ ሕመም የሌለበት ሞተር ሐረጎ ጫፍ ላይ ይፈላል። ቆላ ላይ አንድ ዓመት የሚያገለግል የደከመ ክዳን እኛ ዘንድ አንድ ዳገት አያወጣም። ስለዚህ ራዲያተሩን ስትቀይር ክዳኑንም አብረህ ቀይር። ከአሮጌው ክዳን ላይ 0.9 ወይም 1.1 የሚል ቁጥር ታገኛለህ፤ የግፊቱ መጠን ነው። አዲሱም ያንኑ ቁጥር የያዘ ይሁን። «ከፍ ያለው ይሻላል» ብለህ አትግዛ፤ ከልክ ያለፈ ግፊት የቆዩትን ጎማዎች ያፈነዳቸዋል።

የአጎትህን እንቁላል በተመለከተ፣ አክብረህ ስማቸውና አታድርገው። ፈልቶ የሚረጋ ነገር ሁሉ የተሰነጠቀውን ብቻ መርጦ አይደፍንም። የራዲያተሩን ቀጫጭን ቱቦዎችና የማሞቂያውንም ውስጥ ይዘጋል። በዱቄትና በጠርሙስ የሚሸጠው መድፈኛም በረሃ ላይ ለተቸገረ ሰው መውጫ ሊሆን ይችላል እንጂ ለየቀኑ ዳገተኛ መድኃኒት አይደለም። በማጣበቂያ የተለጠፈ ፕላስቲክም እንዲሁ ነው፤ ቆሞ እያለ ይይዛል፣ ግፊት ሲመጣበት ይለቃል። የድሮዎቹ የመዳብና የነሐስ ራዲያተሮች እየተበየዱ ብዙ ዘመን ያገለግሉ ነበር። የአንተ ግን አሉሚኒየምና ፕላስቲክ ነው፤ ፕላስቲኩ አንዴ ከደረቀ ነገ በሌላ በኩል ይሰነጠቃል።

አዲሱን ስትገዛ አሮጌውን ቢቻል ፈትተህ፣ ካልሆነም ለክተህና ፎቶ አንስተህ ይዘህ ሂድ። ሱቁ ውስጥ ጎን ለጎን አስቀምጣቸው። ቁመቱ፣ ውፍረቱ፣ የሁለቱ ጎማዎች አፍ ያለበት ቦታና ስፋት፣ ቬንትሌተሩ (ማራገቢያው) የሚታሰርባቸው ቀዳዳዎች፣ ከታች ያሉት እግሮች አንድ መሆን አለባቸው። «የኮሮላ ነው፣ ይገባል» የሚለው የሻጭ ቃል አይበቃህም፤ የኮሮላ ዓይነቱ ብዙ ነው። ለአውቶማቲክ ካምቢዮ የተሠራ ራዲያተር ከታች ሁለት ተጨማሪ የዘይት አፎች አሉት፤ ለአንተ አያስፈልጉህም። መኪናዋ አውቶማቲክ ብትሆን ኖሮ፣ ወይም ከባድ መኪና ብትሆን፣ ምክሬ ሌላ ይሆን ነበር፤ የካምቢዮ ዘይት ቱቦ መፍታትና መልሶ ልኩን መሙላት ለጀማሪ አይሆንም። የማኑዋል ኮሮላ ግን ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ መማሪያ አይገኝለትም።

ለሥራው ቅዳሜን ምረጥ፤ ጠዋት ጀምር። እሑድ ስትሠራ አንዲት የጎማ ማጥበቂያ ብትሰበርብህ ሱቅ ዘግቶ ታገኘዋለህ፤ ሰኞ ደግሞ ትምህርት አለህ። የሚያስፈልግህ የ10 እና የ12 ቁጥር ቁልፍ፣ ፒንሳ፣ ካቻቢቴ፣ ሰፊ ሳፋና ጓንት ነው። ሌሊቱን ያልተነዳ፣ በእጅ ሲዳሰስ የበረደ ሞተር መሆኑን አረጋግጥ። በልጅነቴ የጭነት መኪና ረዳት ሳለሁ አንድ የሙያ ጓደኛዬ ያልበረደ ራዲያተር በጨርቅ ይዞ ሲከፍት አጠገቡ ነበርኩ። ክዳኑ ገና ሩብ ዙር ሳይዞር ነው የፈነዳው። ጨርቁ ምንም አላደረገለትም። የክንዱ ቆዳ እንደ ተቀቀለ ድንች ልጣጭ ሲነሳ በዓይኔ አይቻለሁ፤ እስከ ዛሬ ድረስ ክዳን ስነካ እሱ ትዝ ይለኛል።

የባትሪውን ኔጌቲቭ ፍታ። ከራዲያተሩ ግርጌ በጣት የምትዞር የፕላስቲክ ማፍሰሻ አለች፤ ሳፋውን ከሥር አድርገህ በቀስታ ክፈታት፤ በግድ ከታገልካት ትሰበራለች። የሚወርደውን ውሃ ቀለሙን አስተውል። የሸክላ ቀለም ያለው ዝገት ከሆነ ውስጡ ቆሽሿልና አዲሱን ከማሰርህ በፊት በንጹሕ ውሃ ደጋግመህ እጠበው። ውስጡ ኩላንት (የራዲያተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ካለበት ቦይ ውስጥ አትድፋው። ኩላንት ይጣፍጣል፤ ውሻ ይልሰዋል፣ ፍየል ይጠጣዋል፣ ሕፃን በጣቱ ይቀምሰዋል፤ መርዝ ነው። ክዳን ባለው ጀሪካን ዝጋና ልጆች ከማይደርሱበት አኑረው።

ጎማዎቹን ስትነቅል በካቻቢቴ አትፈንቅል። ማጥበቂያውን በፒንሳ ጨምቀህ ወደ ኋላ ሳበው፤ ከዚያ ጎማውን በእጅህ ወዲህና ወዲያ አሽከርክረው፤ ሲለቅ ይሰማሃል። ጎማው ሲጨመቅ እንደ ደረቅ እንጀራ የሚሰነጣጠቅ ከሆነ እሱም ዕድሜው አልቋል፤ ቀይረው። የቬንትሌተሩን የኤሌክትሪክ መሰኪያ ንቀል፤ ከላይ ራዲያተሩን የያዙትን ሁለት መያዣዎች ፍታ፤ ቀጥ አድርገህ ወደ ላይ አንሳው። አየር ማቀዝቀዣ ካላት ከፊቱ ያለውን ሌላ ራዲያተር መሳይ ነገር አትንካው፤ ውስጡ ጋዝ አለ።

አሁን የምነግርህ ነገር ትንሽ ነው፤ ግን አንድ ራዲያተር አስከፍሎኛል። ራዲያተሩ ከታች የሚቀመጠው በሁለት ጎማዎች ላይ ነው። የስኒ ቂጥ የምታክል፣ መሃሏ ቀዳዳ ያለባት ጥቁር ጎማ ናት። አሮጌውን ስታነሳ አንዷ ከእግሩ ጋር ተጣብቃ አብራ ትወጣለች፤ ጭቃ ስለለበሰች አትታይም። መጀመሪያ ራሴን ችዬ ራዲያተር የቀየርኩ ጊዜ፣ ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር አንድ ግቢ ውስጥ፣ አሮጌውን ከነጎማው ለቆራሊዮ ሰጠሁት። አዲሱ አንዱ እግሩ ባዶ ብረት ላይ ቆመ። በየመንገዱ ጉድጓድ እየተንቀጠቀጠ ወር ሳይሞላው እግሩ ያለበት ፕላስቲክ ተሰንጥቆ ማንጠባጠብ ጀመረ። አሮጌውን ከመጣልህ በፊት ሁለቱን ጎማዎች በእጅህ ያዝ፤ ቁጠራቸው።

የውሃውን መንገድ እንደ ሙቀቱ የሚከፍተውንና የሚዘጋውን ቴርሞስታትም በዚያው እንድታየው እመክርሃለሁ። ፈትተህ በክር አንጠልጥለህ ውሃ በሚሞቅ ድስት ውስጥ አስገባው። ብዙ ጊዜ 82 የሚል ቁጥር ተጽፎበታል፤ ውሃው ሳይፈላ መከፈት አለበት። ድስቱ ሲንተከተክ እንኳ ካልተከፈተ የጥፋቱ ተካፋይ እሱ ነበር ማለት ነው። «ለአገራችን አያስፈልግም» ብለው ጭራሹን አውጥተው የሚጥሉ አሉ፤ አትስማቸው። ያለ እሱ ሞተሩ በደሴ ጠዋት ሳይሞቅ ይውላል፤ ነዳጅም ይበላል።

በኩላንት ሙላው። የተጠናቀቀ ድብልቅ ከሆነ እንዳለ፣ ወፍራሙ ከሆነ ከተጣራ ውሃ ጋር እኩል በእኩል ቀላቅለህ ጨምር፤ ሁለቱንም ዓይነት በአንድ ላይ አትደበላልቅ። የቧንቧ ውሃ ማንቆርቆሪያህ ውስጥ የሚተወውን ነጭ ቅርፊት አይተኸዋል፤ በራዲያተሩ ቱቦዎችም ውስጥ ያንኑ ይተዋል። የተጣራ ውሃ ስትገዛ የባትሪ አሲድ እንዳይሰጡህ ጠርሙሱን አንብብ።

ራስ በራስ የተሠራ ራዲያተር ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚህ፣ አየሩን ማስወጣት ላይ ነው። ብሎኑ ሁሉ ጠብቆ፣ የሚያንጠባጥብ ነገር ሳይኖር፣ ውስጡ የቀረች አንዲት የአየር ኳስ ሞተሩን ታፈላዋለች። መድኃኒቱን ደግሞ አገራችን በነጻ ሰጥታናለች፤ ዳገት። መኪናዋን አፍንጫዋ ሽቅብ እንዲያይ አቁማት፤ የእጅ ፍሬን ሳብ፣ ከኋላ ጎማዎቹ ሥር ድንጋይ አድርግ። የራዲያተሩ አፍ ከሁሉም ከፍ ስለሚል አየሩ ወደዚያው ይወጣል። የማሞቂያውን መቆጣጠሪያ እስከ መጨረሻው ሞቃት ላይ አድርግ፤ አለዚያ በማሞቂያው ቱቦ ውስጥ ያለው አየር እዚያው ይቀራል። ክዳኑን ሳትገጥም አስነሳና የላይኛውን ጎማ በእጅህ ጨመቅ ለቀቅ እያደረግህ ጠብቅ። ውሃው እየጎደለ ይሄዳል፤ እየሞላህ ቀጥል። የላይኛው ጎማ በድንገት ሲሞቅ ቴርሞስታቱ ተከፈተ ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ ጎማውን አትጨምቅ፣ ፊትህንም ከአፉ አርቅ። ቬንትሌተሩ ተነስቶ እስኪጠፋ ጠብቀህ አጥፋው፤ ሲበርድ ሞልተህ አዲሱን ክዳን ግጠም። በማግስቱ ጠዋት፣ በበረደበት፣ እንደገና ክፈተውና እየው፤ ጥቂት መጉደሉ አይቀርም።

ለመጀመሪያ ሙከራ ሐረጎን አትሂድ። ግማሽ ሰዓት ያህል የኮምቦልቻን ሜዳ ዙርባት። ቀስቱ ከመሃል ካልተነሳ ቀን በብርሃን፣ አሥር ሊትር ውሃ ጭነህ ዳገቱን ሞክር። ቀስቱ ከፍ ማለት ከጀመረ አየር ማቀዝቀዣውን አጥፋ፣ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻ ክፈት፣ መስኮቶቹን ዝቅ አድርግ፤ ማሞቂያው ራሱ ትንሽ ራዲያተር ነው፤ ይረዳሃል። ቀዩን ከነካ ግን ዳር ይዘህ አጥፋው። ኮፋኖውን ክፈት፤ ክዳኑንም ጀሪካኑንም አትንካ። አንድ ሰዓት ያህል ቁጭ በል።

ስለ ገንዘቡም ሳልሸፋፍን ልንገርህ። የምታተርፈው 3,500 ብር ሙሉውን አይደለም። ለምርመራው ትከፍላለህ፤ ቁልፎቹ ከሌሉህ ትገዛለህ፤ አንድ ማጥበቂያ ወይም ጎማ መጨመርህ አይቀርም። ምናልባት ግማሹ ቢተርፍልህ ነው። ያም ሆኖ በየቀኑ ሐረጎን ለሚመላለስ ሰው ኮፋኖው ሥር ያለውን ማወቅ ትልቅ ነገር ነው። ምሽት ላይ፣ ጉም ወርዶ፣ ከመኪናው ጋር ብቻህን ስትቀር የትኛው ጎማ የት እንደሚገባ የምታውቅ ሰው ትሆናለህ። ባለቤትህም ከጎንህ ካለች እንዲሁ። ቅዳሜ ዕለት እሷም አብራህ ትቁም፤ አንድ ሰው ቬንትሌተሩን ሲደግፍ ሌላው ብሎኑን ይይዛል።

ወደ ጎረቤትህ ልመለስ። ይከፋዋል ብለህ የምትፈራው ሳትነግረው ስትሠራ ነው። በግቢህ ኮፋኖ ተከፍቶ፣ አንተ ዘይት ተቀብተህ ካየህ በእርግጥ ቅር ይለዋል፤ እኔም በእሱ ቦታ ብሆን ቅር ይለኝ ነበር። ዛሬ ማታ ሂድና እንዲህ በለው፦ «ሞተሯን መርምርልኝ፤ ውሃ ደፍቼባታለሁና ልቤ አላረፈም። የምርመራህን ንገረኝና እከፍላለሁ። ቴስታታው ደህና ከሆነ ራዲያተሩን ራሴ ልሞክረው አስቤያለሁ፤ ካቃተኝ እጠራሃለሁ።» «ኧረ ተወው፣ ለዚህ ደግሞ ይከፈላል እንዴ!» ይልሃል። አንተ ግን አትተወው፤ በሞቴ ብለህ ኪሱ ክተትለት። ከጠየቀህ የእጅ ዋጋ ሩቡን ያህል ብትሰጠው አይብዛብህ። ምናልባትም ቅዳሜ ጠዋት ሳትጠራው ብቅ ብሎ ማጥበቂያውን በእጁ ሞክሮ ይሄድ ይሆናል፤ ቡና ተፈልቶ ይጠብቀው።

ምርመራው ቴስታታው ተጎድቷል ካለ ግን ራዲያተሩን ለመግዛት አትቸኩል። ሥራው ሁሉ፣ ራዲያተሩም ጭምር፣ የእሱ ይሁን፤ ዕቃውንም እሱ ያምጣ፤ ቢያንጠባጥብ ተጠያቂው እሱ እንዲሆን በዚያው ተስማሙ። ያኔ ቴስታታው ተፈትቶ ሲስተካከል አጠገቡ ቆመህ እይ።

እስከ ምርመራው ድረስ ወደ ደሴ በሚኒባስ ተመላለስ። ከላይ ከነገርኩህ የጠዋት ሙከራ በቀር መኪናዋን አታስነሳት።